ደብዛዛው ዝላይ

ልጅቷ ቪዲዮ ማበላሸት የተካነች ነበረች። ሌላው ሰው ምስሉ እንዳይደበዝዝበት ይጨነቃል። እሷ ግን ከተተወው የድንጋይ ማውጫ አፋፍ ላይ በብስክሌት ስትዘል የቀረጸችውን በመልእክት ወደ ራሷ ስልክ ትልካለች፤ የመጣውን አስቀምጣ እንደገና ትልካለች። በተላከ ቁጥር ስልኩ ይጨምቀዋል። በመጨረሻ የሚዘለው ሰው ይሁን ነፋስ ያነሳው ከረጢት መለየት ያስቸግራል። ያን ጊዜ "ሚዳቋ" በሚል ቅጽል ስም ብስክሌተኞች በስልክ ለሚወያዩበት ቡድን ትለቀዋለች። ሴት መሆኗን ቡድኑ ያውቃል፤ ማን መሆኗን ግን ሄልሜቷና የምስሉ ብዥታ ይሸፍኑላታል።

ወዳ አይደለም። ባለፈው ዓመት ወድቃ ክንዷ ሲሰበር፣ ታላቅ ወንድሟ ሮጦ ለእናታቸው ተናገረ። እናትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። ትልቁን መቀስ ብድግ አድርገው፣ "ሁለተኛ ብስክሌት ላይ ባይሽ ጎማውን በዚህ ነው የምተለትለው!" አሉ። እሳቸው ደግሞ ያሉትን አያስቀሩም። ስለዚህ ብስክሌቷ ልጅቷ በምትሸጥበት ዳቦ ቤት ጓሮ፣ ከዱቄት ጆንያዎች ጀርባ ተደብቃ ትኖራለች።

ቡድኑ ውስጥ እንቅልፍ የነሳት አንድ ሰው ነው። ራሱን "ታዛቢ" ብሎ ሰይሟል። ሌላው "ጎበዝ!" ብሎ ያልፋል፤ ታዛቢ ግን ነገር ይፈልጋል።

"ይሄ ቪዲዮ ነው ወይስ ጉም?" ብሎ ጻፈ አንድ ቀን። "ደጋግመው ያጠቡት ጨርቅ እንደሚለቅ ሁሉ፣ ቪዲዮም ደጋግመው ሲልኩት ይለቃል። ዋናውን ቅጂ በፋይል ላኪው። የቀኝ እግርሽ ሱሪ ሰንሰለቱን ይነካል አይነካም? ምንም አይታይም እኮ!"

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ደነገጠች። ከዚህ ሁሉ ዝላይ ሱሪዋን ምን አስመረጠው?

መልሱን ራት ላይ ያገኘች መሰላት። እናትየው ስልካቸውን ከፊታቸው አርቀው ይዘው ያማርራሉ።

"ሁሉም ነገር ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል። ዓይን ሐኪሙ ጋ ብሄድ ደግሞ፣ 'ያንቺ ዓይንማ የመርፌ ቀዳዳ በሩቅ ያያል' ብሎ ሳቀብኝ።"

"ስንቴ ልንገርሽ እማዬ?" አለ ወንድሟ። ስልክ ጠጋኝ ነው። "ችግሩ ዓይንሽ አይደለም፤ የሚላክልሽ የልብስ ምስል ተጨምቆ ነው። ደንበኞችሽን ዋናውን ቅጂ በፋይል ላኩ በያቸው።"

የልጅቷ ማንኪያ አፏ ላይ ቀረ። ዋናውን ቅጂ በፋይል! ታዛቢ የጻፈው ቃል በቃል። ቀና ስትል ወንድሟ ፈገግ ብሎ ያያታል።

ነገሩ ገባት። ባለፈው የተሰበረ ክንዷ መሰከረባት፤ ዘንድሮ ግን ወንድሟ እናትየው ፊት የሚዘረጋ ጥርት ያለ ማስረጃ ይፈልጋል ማለት ነው። አያገኛትም! በማግስቱ የስልኳን ሌንስ በዳቦ ቅባት አሸችው። ወንድሟ አየና፣ "ይሄ ሌንስ ምንድን ነው የሆነው?" ብሎ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለላት። ደግነቱ አናደዳት።

በዚህ መሀል የታወቀ የብስክሌት ክለብ ማስታወቂያ አወጣ። አንድ አዲስ ጋላቢ በራሱ ወጪ ሊያሠለጥን ነው። የሚፈልግ ዝላዩን ቡድኑ ውስጥ ይልቀቅ፤ ደብዛዛ ቪዲዮ አይታይም።

ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ይህንኑ ነበር። ዳቦ ስትጠቀልል አሰበች፣ መልስ ስትመልስ አሰበች፤ አንዷን ደንበኛ ያለ ዳቦ ሸኘቻት። በመጨረሻ፣ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አለችና ቆረጠች።

ሌንሷን አጸዳች። ፀሐይን ከስልኩ ጀርባ አድርጋ፣ ምንም ሳታቀርብ ሳታርቅ ቀረጸች። ዋናውን ቅጂ በፋይል ለቀቀችው። ሲከፈት ከጎማው ሥር የሚፈናጠረው ጠጠር ይታያል፤ ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳም ይታያል። እንኳን እናት ጎረቤት አይስተውም።

ታዛቢ ለመመለስ አልዘገየም። "አሁን ጥርት አለ። እንደ ጠረጠርኩት ነው።"

 ልጅቷ ስልኳን በፊቱ ደፋችው።

ማምሻውን የክለቡ መልስ መጣ፤ በነጋታው ለሙከራ እንድትቀርብ ተጠርታለች። ደስታዋን እንኳ በወጉ ሳታጣጥም ወንድሟን ጓዳ ውስጥ ያዘችው።

"ለእማዬ ትንፍሽ ብትል፣ ወንድም አለኝ አልልም!"

"ምኑን?"

"አታስመስል፣ ታዛቢ!"

"የምን ታዛቢ? አንቺ ልጅ ዱቄቱ ጭንቅላትሽ ላይ ወጣ እንዴ?"

ከፊት ለፊቱ ክፍል የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

"ምንድን ነው የሚያጨቃጭቃችሁ?" አሉ እናትየው።

"ምንም!" አሉ ሁለቱም እኩል። ከአፍታ በኋላ መኪናው ቀጠለ።

ጠዋት ልጅቷ ቀስ ብላ ተነሳች። እናትየው ወደ ገበያ ወጥተዋል። አጥባ ያሰጣችውን የመጋለቢያ ሱሪዋን ልታወርድ ብትሄድ የልብስ ገመዱ ባዶ ነው።  ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ስትገባ ትልቁ መቀስ አፉን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ወለሉ ላይ የሱሪዋ ጨርቅ ቁርጥራጭ ተበትኗል። አለቀልኝ አለች። እንባዋ መጣ።

ሱሪው ስፌት መኪናው ላይ ታጥፎ ነበር፤ የቀኝ እግሩ ሰንሰለቱን እንዳይነካ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠብቦ፣ ሁለቱ ጉልበቶቹ ከውስጥ በወፍራም ስፖንጅ ተደርበው።