ሳይወዱ የመነኑት

ዌንደል በዚያ ሰሞን የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግሌንን በሰው ፊት ማዋረድ።

ግሌን፣ ሴት እምቢ ብላቸው ሳይወዱ የመነኑ ወንዶች በኢንተርኔት የሚሰበሰቡበት መድረክ አለቃ ነው። ፊቱን ያየው የለም፤ ድምፁን ግን ሁሉም ያውቀዋል። «ሴት ያጣ ወንድ መጨረሻው ራሱ ሴት መሆን ነው» የሚለውን ትንታኔ የፈለሰፈውም እሱ ነው። ማስረጃ የለውም፤ ግን ማን ጠይቆት። ሴት የመሆን ምልክት የታየበት አባል ይጋለጣል፣ ይሰደባል፣ ይባረራል። ሴት ያነጋገረም ዕጣው ያው ነው።

ዌንደል አራት ዓመት ሙሉ ሕጉን አክብሯል። አብራው መጋዘን የምትሠራው ሼልቢ ምሳ እንብላ ስትለው ግሌንን አማከረ።

«ልትስቅብህ ነው፤ ሞኝ አትሁን» አለው ግሌን።

ዌንደልም ፊቱን አዞረባት። ባለፈው ወር ሌላ ሰው አገባች። ከዚያ ወዲህ ዌንደል በግሌን ላይ ቂም ይዟል።

ምልክቶቹን ግሌን ራሱ ላይ ማየት የጀመረውም ያኔ ነው። ግሌን ቢራ እንደያዘ እጁን ብቻ አንስቶ የለጠፈው ፎቶ ላይ የትንሿ ጣቱ ጥፍር ሮዝ ተቀብቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ድራሹ ይጠፋል። አንድ ቀን በስልክ ሲያወሩ ቀጭን የሴት ድምፅ ሲያንጎራጉር ተሰማና ወዲያው ተቋረጠ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቴሌቪዥን ነዋ። አንተ ደግሞ ጆሮህ አያርፍም።»

የሴት ድምፅ እየተለማመደ ነው፤ ገና ድሮ ነው የጠረጠርኩት አለ ዌንደል በልቡ። ባወጣው ሕግ ራሱ ሊጠመድ ነው።

ግሌን ለአባላቱ ቲሸርት ይሸጣል። ለዌንደል የተላከለት ፖስታ ጀርባ ላይ የግሌን አድራሻ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሚኖርባት ከቶሌዶ ተነስቶ ግሌን እስካለባት ከተማ እስከ ዴይተን ነዳ። በሩ ላይ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ ለመላው አባል በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። አራት መቶ ሰው ተሰብስቦ ስድቡን ማውረድ ያዘ።

ደወሉን ተጫነ።

ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከፈተች።

«ያዝኩህ ግሌን» አለ፣ ስልኩን ፊቷ ላይ ደቅኖ። «ቀሚሱስ ያምርብሃል። ተናገር እንጂ፤ ወንድሞችህ ሁሉ እያዩህ ነው።»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ወደ ውስጥ ዞረች።

«ግሌን፣ የኔ ፍቅር፣ እንግዳ መጥቶልሃል፤ ና፣ ልጆቹን እኔ አጥባቸዋለሁ።»