ከስሙ በታች

«ሁለቱም አይገቡም» አለ ሐውልት ሠሪው፣ ሜትሩን እብነ በረዱ ላይ እንደዘረጋ። የሟቹ ስምና ዓመተ ምሕረት ከላይ ተቀርጾ አልቋል። «‹ደግ ባል፣ ደግ አባት› ለቀረው ቦታ ይበዛል። ፊደሉን ላሳንሰው ብል ደግሞ ከሩቅ አይነበብም። አንዱን ምረጡ።»

የሟች ታላቅ ወንድም ለመወሰን ጊዜ አልፈጀበትም።

«አባት የሚለውን ሰርዘው። ልጅቱ እንደሆነች ለቀብሩ እንኳ ብቅ አላለች። ምን ዓይነት ጉድ ናት!» ወደ ወንድሙ ሚስት ዞረ። «አይሻልም፣ እህቴ?»

«እርስዎ እንዳሉ ይሁን፣ ጋሼ።»

ከቀብሩ ወዲህ «ደግ» የሚለውን ቃል ያልሰማችበት ቀን የለም። ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት በነጻ ይጠግን ነበር። ምጥ የያዛትን ጎረቤት በዚያ ዝናብ ተሸክሞ ሐኪም ቤት አድርሷል። ደግ ሰው፣ ደግ ሰው እያሉ አለቀሱለት። ከልባቸው ነው።

በሩን ዘግቶ ከገባ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሄደች። ሌላዋ አንድ ጊዜ፣ ግራ እጇ የተሰበረ ሰሞን፣ ያቺን በዝናብ የተሸከማትን ጎረቤት ጠጋ ብላ ልትነግራት ሞከረች። ጎረቤቲቱ አላስጨረሰቻትም። «እሱን የመሰለ ደግ ሰው! ምን አድርገሽ አናደድሽው?»

የታላቅ ወንድምየው ስልክ ጮኸ። ለማውራት ወደ ደጅ ወጣ።

ሐውልት ሠሪው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎስ ምን ይባል ይላሉ?»

ቀና ብላ አየችው።

«አንዴ ከተቀረጸ አይጠፋም ብዬ ነው። ከፈለጉ እንዲሁ በስሙ ልተወው እችላለሁ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያሠራል። ለጋሼም ድንጋዩ አልበቃም እላቸዋለሁ።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳሯ ውስጥ አንቺስ ምን ትያለሽ ያላት ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ትናንት ልጇ ደውላ ነበር። «እማዬ፣ የፈለጋችሁትን ጻፉ። ደግ ብቻ እንዳትሉት። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።» እሷም «እሺ፣ የኔ ልጅ» ብላት ነበር።

ሰውየው ይጠብቃታል። የባሏ ወንድም ከደጅ ጀርባውን ሰጥቶ ያወራል። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ይበቃል፤ «ተወው» ብትል ይበቃል። አፏን ከፈተች።

«ደግ ነበር» አለች።

የራሷ ድምፅ አልመስል አላት። ግን አልቆመም። «በጣም ደግ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የሚመሰክርለት።»

ሐውልት ሠሪው ትንሽ ታገሣት። ሌላ ነገር እንደማትጨምር ሲያይ በርከክ ብሎ መሮውን ድንጋዩ ላይ አስደገፈ፤ መዶሻውን አነሣ።

የመጀመሪያውን ፊደል ጨርሶ እፍ ሲለው፣ ነጩ ብናኝ ተነሥቶ በጥቁር ቀሚሷ ላይ አረፈ። አላራገፈችውም።