«አርፋ ትቀመጥ ብለሽ የለ?!»

ታላቅየዋ ይህን ብላ ከመጮኋ በፊት፣ ከበሩ ጀርባ የሰማችው የታናሽ እህቷን ጩኸት ነው...

«አልቻልኩም! በቃኝ!»

«ትችያለሽ። አንድ ጣት ብቻ ቀረሽ!» አለ ሌላ የሴት ድምፅ።



ታናሿ ጸጉር ሠሪ ናት። ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የሚሏት። የጡት ካንሰር ይዟት ነበር። ቀዶ ጥገናውንም መድኃኒቱንም ጨርሳ ቤት ከገባች አራት ወሯ።

አራት ወር ሙሉ ታላቅየዋ ከአልጋ አላስወረደቻትም።

ብርጭቆ እንኳ ልታነሳ ብድግ ካለች...

«ሚጡ! ሐኪም ያለሽን ረሳሽው? አርፈሽ ተቀመጪ!»

ሰሞኑን ግን ሚጡ «ጎረቤት ደርሼ ልምጣ» እያለች መጥፋት አመጣች። ስትመለስ ላብ በላብ ናት።

ዛሬ ተከተለቻት። ሚጡ ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጥታ አንድ በር ውስጥ ገባች...

ቁስሏ ቢፈታስ? በሽታው ቢቀሰቀስስ?

በሩን በርግዳ ገባች።

ሚጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ፣ በጣቶቿ ግድግዳውን እየቧጠጠች ክንዷን ወደ ላይ ትገፋለች። ክንዷ ይንቀጠቀጣል። ፊቷ በእንባ ርሷል።

አጠገቧ የቆመችው ከሆስፒታል ሲወጡ ምክር የሰጠቻቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት።

«ልትገድያት ነው እንዴ?! አርፋ ትቀመጥ ብለሽ የለ? ራስሽ ነሽ ያልሽው!»

«እኔ?» አለች ባለሙያዋ። «እኔ ያልኩት 'እያረፈች ትንቀሳቀስ' ነው።»



አያችሁ፣ ከሆስፒታል በወጡበት ቀን ታላቅየዋ በፍርሃት ጆሮዋ ተደፍኖ ነበር። ከተባለው ሁሉ ይዛ የወጣችው «ማረፍ»ን ብቻ ነው። አጠገቡ ቀዶ ጥገና የተደረገበት ትከሻ ደግሞ ካልተንቀሳቀሰ እየደረቀ ሊሄድ ይችላል። እጇ ከትከሻዋ በላይ ካልወጣ ጸጉር ሠሪ በምኗ ትሠራለች?

«አራት ወር ሙሉ... እኔ ነኝ ያሰርኩሽ?»

ሚጡ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ከመጀመሪያው አውቅ ነበር፣ እትዬ። የሰጡን ወረቀት ላይ አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ዝም አልሽ?!»

«መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ቧንቧ ከፍተሽ ስታለቅሺ እሰማሽ ነበር... ዝም የምትይው እኔ ስተኛ ብቻ ነው። አንቺን ላሳርፍሽ ብዬ ነው የተኛሁት። አሁን ግን ማበጠሪያ ማንሳት አቃተኝ። ሥራዬን እፈልገዋለሁ።»

ባለሙያዋ ሁለቱንም አየቻቸው።

«እናንተ ቤት በሽተኛዋ ማናት ግን?»

ከዚያ ወደ ታላቅየዋ ዞረች።

«ነይ እስቲ እህቷ። መዳፍሽን እዚህ ጋ ለጥፊላት።»

ታላቅየዋ ከሚጡ ጣቶች ከፍ አድርጋ መዳፏን ለጠፈች። ሚጡ ተንጠራራች... አልደረሰችም። ደግማ ተንጠራራች... አቃሰተች።

ታላቅየዋ ማየት አልቻለችም። እጇን ቀስ አድርጋ ዝቅ ማድረግ ስትጀምር...

«እትዬ! አታውርጂልኝ!!»

ታላቅየዋ እጇን ባለበት አቆመች። ጥርሷን ነክሳ፣ እያለቀሰች... አላወረደችም።

በአምስተኛው ሙከራ የሚጡ የጣት ጫፍ መዳፏን ነካ።

ወዳጆቼ... ማስታመም ማለት ሁሉንም ነገር ማቅለል ማለት አይደለም። አንዳንዴ የምንወደው ሰው ሲታገል እያየን እጅን አለማውረድ ነው።

(እንቅስቃሴው ምን ያህልና መቼ የሚለውን ግን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሲነግሯችሁም እስከ መጨረሻው ስሙ!)

እናንተስ... በሽተኛ አስታምማለሁ ብላችሁ የራሳችሁን ፍርሃት ያስታመማችሁበት ጊዜ አለ? እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... 👇