ጥቆማ የበዛበት ቤት

አምና አንድ ሕፃን፣ ጎረቤቶቹ ደጋግመው እየጠቆሙ፣ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጥቆማ የተደጋገመበት ቤት ሁሉ ለአንጋፋዋ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይሰጣል። የዛሬዋ እናቷን ቀብራ በአክስቷ እጅ የቀረች ልጅ ናት፤ ትራባለች፣ ትደበደባለች ተብሎ ሲጠቆም ይህ ሦስተኛው ነው።

ባለሙያዋ ዳገቱን ስትጨርስ እግሯ ዝሎ ነበር።

“ደግሞ መጣችሁ?” አለች አክስቲቱ፣ ወይዘሮ የሺመቤት። “ሁለት ልጅ እግሮች አይተዋት ሄደዋል። ይኸው እርስዎም ይዩዋት! ይህ የራበው ሰው ጉንጭ ነው?”

ልጅቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጠጉሯ ተሠርቷል፤ ጉንጯ ሞልቷል፤ ክንዷ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ወጣቶቹ ይህን አይተው ወዲያው ተመልሰዋል።

“እውነትሽን ነው” አለች ባለሙያዋ። “ግን ዳገቱ ጨርሶኛል፤ ትንሽ ልረፍ።”

“ሌላ ሥራ የለዎትም?”

ባለሙያዋ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው ጥያቄ አያበዛም፤ ይቀመጣል። ቆይቶ ከጎረቤት ግቢ የሴት ጥሪ ተሰማ። ልጅቱ ተቁነጠነጠች፤ በሩን ደጋግማ አየች፤ በመጨረሻ ጨነቃትና ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ዞረች።

“እትዬ የሺ፣ አሁን ወደ ቤታችን ልሂድ? እማዬ እየተጣራች ነው።”