ጎማው ውስጥ የሚንሿሿው

ቢቸና ያለው ጎሚስታ የሞተር ሳይክሉን የፊት ጎማ ከቸርኬው ሲያላቅቀው ነጫጭ ጥቃቅን ፍሬዎች መሬት ላይ ተዘረገፉ።

«አሸዋ ነው አይደል?» አለ ምንይሉ። «ወንድሜ ተውሶ ከመለሰልኝ ወዲህ ይንሿሿል።»

«ኧረ ዶቃ ነው! ጎማው እንዳይንቀጠቀጥ ሆን ተብሎ የሚጨመር። ቀስ ስትል ይንሿሿል፤ ስትፈጥን ዝም ይላል።»

የምንይሉ እጅ መሪው ላይ ቀረ። ወንድሙ ሞተሩን የመለሰለት ቀን ቁልፉን እየዘረጋለት «እስቲ እስካደባባዩ ንዳው» ብሎት ነበር። ምንይሉ ግን ሞተሩን ወደ ግቢ ሲገፋ ድምፁን ሰምቶ «አበላሽተህ አመጣህልኝ!» ብሎ ጮኸበት፤ ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

«መልሼ ልክተታቸው?» አለ ጎሚስታው።

ምንይሉ ተንበርክኮ ፍሬዎቹን ካቧራው ይለቅም ጀመር።

«አንዷም እንዳትቀር» አለ።

በማግስቱ ሞጣ የሚሄደው ለወንድሙ አርባ ነበር።