ጎህ ሲቀድ የመጣ ተወዳዳሪ

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። አንዲት እናት ልጇ ወታደር ነው እንበል። ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ስልኩም አይሠራም። እሷ በር ላይ ገና ወገግ ሳይል ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ይባላል?

ኪዳን ልሄድ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ጫማዬን እያደረግኩ ነው በሩ የተንኳኳው። ቀስ ብሎ ነው፤ የጎረቤት አይመስልም። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳይ የእድራችን ዳኛ አቶ ወዬሳ ናቸው። አጠገባቸው ሐጂ ኢብራር። ሁለቱም ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል። ከኋላቸው ሃምሳ አለቃ ደግፌ ቆሟል።

እሱን ሳይ ኪዳኑንም ረሳሁት።

በኛ ሰፈር ደግፌን የማያውቅ የለም። በጦርነቱ ትከሻውን ተመትቶ ከተመለሰ በኋላ፣ የሰፈራችን ልጅ በወደቀ ቁጥር ጓደኞቹ የሚደውሉት ለሱ ነበር። እሱ ለሽማግሌዎቹ ይነግራል፤ በነጋታው ጎህ ሲቀድ ጋቢ ለብሰው አብረው ይሄዳሉ። ሰርኬን የልጇን መርዶ ያረዷት እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው እሱን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ሴቶቹማ ስሙንም አንጠራም፤ "ያ የማለዳው" ነው የምንለው።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ከፍቼ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"አብነት ነው አይደል?" አልኩ።

አቶ ወዬሳ ሊያነሱኝ ጎንበስ አሉ። ልጄ ናዝራዊት ከጓዳ ወጥታ እኔን መሬት ላይ ስታይ እሪ አለች። ጩኸቱን የሰማች ጎረቤቴ ሃፊዛ ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ፣ ባዶ እግሯን፣ ደረቷን እየመታች ገባች። አብነትን እኩል ነው ያሳደግነው። ጡት ካስጣልኩት ጀምሮ ከሷ ቤት አይጠፋም ነበር።

ያን ጊዜ ነው ደግፌ እጁን ከጃኬቱ ውስጥ ያወጣው። ወረቀት ይዟል። የራሱ ፎቶ ያለበት።

"እትዬ፣ ምንም አልመጣም" አለ። "ለምርጫው ነው። ለወረዳ ምክር ቤት እየተወዳደርኩ ነው።"

ሃፊዛ ለቅሶው አልቆም ብሏት ሳግ ይዟታል።

ከዚያ አቶ ወዬሳ ማስረዳት ያዙ። ለካ ደግፌ ብቻውን ሲዞር ማንም በር አይከፍትለትም። ሽማግሌ ከያዝኩ ያከብሩኛል ብሎ ነው። ከነጋ ደግሞ ሰው ሁሉ ታክሲ ሰልፍ ይወጣል፣ ቤት አይገኝም ብሎ ነው። የውሃውንና የመንገዱን ነገር ሊነግረን ፈልጎ ነው። ጋቢው ለብርዱ ነው።

"ይሄን ሁሉ ሽበት እርስዎ ምን ሲሠሩ ነው ያበቀሉት?" አለቻቸው ሃፊዛ።

ሐጂ ኢብራር መሬት መሬት እያዩ አውፍ በሉን አሉ። ማንም አውፍ አላለም። ናዝራዊት ወረቀቱን ከደግፌ እጅ ነጥቃ እግሩ ስር ወረወረችው። ወረዳ ለመግባት እናቴን መግደል ነበረብህ ወይ፣ በዚህ ፊትህ ነው የምትመረጠው ወይ፣ ያላለችው የለም። ልቆጣት ይገባኝ ነበር። አልተቆጣኋትም።

እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ቀና ብዬ አየሁት።

"አንተ እዚያ ያለ ሰው ታውቃለህ። ልጅሽ ደህና ነው በለኝ።"

ሌላ ተወዳዳሪ ቢሆን ደህና ነው ብሎ፣ ምሎ ተገዝቶ፣ ድምፄን ይዞ ይሄድ ነበር። እሱ ግን አልዋሸኝም።

"አላውቅም እትዬ። የት ክፍል እንዳለ ይንገሩኝና ደውዬ ላጣራ።"

ይሄኔ ነው ጭራሽ ደሜ የፈላው። "አጣርተህ ክፉ ቢሆን ማነው የሚነግረኝ?" አልኩት።

ዓይኑን ወደ ሽማግሌዎቹ መለሰ።

"አንተው ነህ። እነዚህኑ ሽማግሌዎች ይዘህ፣ በዚችው ሰዓት። እንዳትጠይቅልኝ። በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ስልክህን እንዳታነሳ። ከፈለግክ እመርጥሃለሁ፤ ወረዳ ግባና ወንበርህ ላይ ተቀመጥ። እዚህ በር ግን አትምጣብኝ።"

ሃፊዛን በእንባዋ መሀል ሳቅ አመለጣት። ደግፌ አንገቱን ደፋ። ወረቀቱን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ትከሻው እንቢ አለው፤ አየነው እንጂ ማናችንም አላቀበልነውም። ትቶት ወጣ። ናዝራዊት በሩን በላዩ ላይ ጓ አድርጋ ዘጋችው።

ተንፏቅቄ በቀዳዳው ሳይ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አውልቀው ብብታቸው ስር ሸጉጠዋል። በዚያ ብርድ በሸሚዝ ይሄዳሉ። ደግፌ ከነሱ ራቅ ብሎ፣ የመንገዱን ወዲያኛውን ጠርዝ ይዞ።

ሃፊዛ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ። ከዚያ ዓይኗ አንገቴ ላይ ቀረ። ነጠላዬን ነው የምታየው። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ፊቴ ስር። ሐዘን የገባት ሴት እንደምትለብሰው። እኔ ለቤተክርስቲያን ነበር ያጣፋሁት። ከቤቴ በሩ ጋ እስክደርስ እጄ ሳልነግረው አገላብጦታል።

ሃፊዛ መጀመሪያ የራሷን ሻርፕ ከወገቧ ፈታች። ከዚያ ነጠላዬን ከትከሻዬ አንስታ፣ ጥለቱን ወደ ታች መልሳ አለበሰችኝ።

አብነት አሁንም አልደወለም። የክርስትና ስሙ ወልደሰንበት ነው። በጸሎታችሁ ስሙን ጥሩልኝ፤ ስትጠሩት ግን ከሕያዋኑ ጋር ይሁን።