ፍሬን የለውም

«አባዬ፣ እግርህን! ፍሬን የለውም አልኩህ እኮ!»

ጋሽ ፍሬን ቀኝ እግራቸውን ከሣሩ ላይ አነሡ። ሣሩ ምን በደለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ጫማቸው የሚያርፍበት ቦታ ተልጦ አፈሩ ወጥቷል። ያ በሪሞት የሚበር ትንሽ ሄሊኮፕተር ዘንበል ባለ ቁጥር እግራቸው ሳያማክራቸው መሬቱን ይረግጣል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ዕድሜ ልካቸውን መኪና መንዳት ሲያስተምሩ በአስተማሪው ወንበር ሥር ሁለተኛ ፍሬን ነበራቸው፤ ተማሪ ሳይሳሳት በፊት የሚረግጡት። ቅጽል ስሙንም ያወጡላቸው እነዚያው ተማሪዎች ናቸው።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤት እየዋሉ፣ ባለቤታቸው ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ «ቀስ! ኧረ ቀስ በይ!» ማለት አመጡ። ዛሬ ጠዋት እሷው ናት ልጇን ጠርታ፣ «ይህን ሰውዬ ከፊቴ ወዲያ አድርጊልኝ፤ ያንን መጫወቻሽን አስተምሪው» ብላ ሁለቱንም ወደ ሜዳ ያባረረቻቸው።

ልጅቱ ሄሊኮፕተሩን በራሷ ሪሞት አየር ላይ አቁማዋለች። የሷና የአባቷ ሪሞት በቀጭን ገመድ ተያይዟል። አንዲት ቁልፍ በጣቷ ተጭና እስከያዘች ድረስ የሚነዱት አባትየው ናቸው፤ ጣቷን ካነሣች መንዳቱ ወደ እሷ ይመለሳል። ጠዋቱን ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነው፤ ትሰጣቸዋለች፣ ትነጥቃቸዋለች።

«ደሞ ወሰድሽብኝ!» አሉ ጋሽ ፍሬን። «ላስተካክለው ስል እኮ ነው!»

«ልትከሰክሰው ስትል ነው።»

«በምን አወቅሽ? አንድም ጊዜ አላስጨረስሽኝም። እንዲህ እየነጠቅሽኝ እንዴት ብዬ ልልመደው? እጄ እኮ ፈራ! አሁንማ ሄሊኮፕተሩን ትቼ፣ መቼ ትወስጂብኝ ይሆን እያልኩ ያንቺን ጣት ነው የማየው።»

«ታዲያ የማን ልጅ ሆኜ ነው?» አለችና ሳቀች።

ለቀልድ ያለችው ነበር። ጋሽ ፍሬንም ሊስቁ የከፈቱት አፋቸው እንደ ተከፈተ ቀረ።

ትናንት እራት ላይ ተቆጥተዋት ነበር። ልጅቱ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ናት፤ በየገጠሩ ክሊኒክ እየዞረች የክትባት ማቀዝቀዣ የምትጠግንበት፣ ስትመኘው የኖረችው ሥራ መጥቶላታል። መኪና ይሰጧታል፤ የምትነዳው ግን ራሷ ናት። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ፤ እሷ ደግሞ «አልችልም ልላቸው ነው» አለች። መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው ድሮ ነው፤ ያስተማሯትም እሳቸው። ብቻዋን ግን አንድም ቀን ነድታ አታውቅም። «የኔ ልጅ ሆነሽ መኪና ትፈሪያለሽ!» ብለው ሲጮኹባት፣ ሳህኗን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

አሁን፣ ያኔ መንዳት ሲያስተምሯት መሪ ይዛ አጠገባቸው ስትቀመጥ ታየቻቸው። ዓይኗ ከመንገዱ ይልቅ የሳቸውን ጉልበት ነበር የሚያየው። እሳቸውም «ፊትሽን እዪ!» እያሉ ይቆጧት ነበር።

«በይ ስጪኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዳትወስጂው ግን።»

«ከወደቀስ?»

«ይውደቅ።»

«አባዬ፣ ክንፉ ይሰበራል!»

«መለዋወጫ የለሽም?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ምን ያንገበግብሻል? ያችን ቁልፍ ተጭነሽ ያዢ። እኔ ብጮህም እንዳትለቂ።»

ተጭና ያዘች። ሄሊኮፕተሩ መጀመሪያ ጅራቱን ሰጥቷቸው ቆመ፤ ይህንን ይችሉታል። ከዚያ ቀስ እያለ ዞረና ፊት ለፊት ተያዩ። ጉዱ ያኔ ነው፤ ፊቱን ወደ ነጂው ሲያዞር ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ወደ ግራ ሲሸሽባቸው ወደ ቀኝ መለስኩት ብለው ጣታቸውን ገፉ፤ ጭራሽ ወደ ግራ ባሰበት። እግራቸው ረገጠ፤ ደግሞ ረገጠ።

«ኧረ ሄደ! ኧረ ያዢልኝ!»

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጣቷን ግን አላነሣችም።

ሄሊኮፕተሩ በጎኑ ሣሩ ላይ ወደቀ፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ሞተ?» አሉ ጋሽ ፍሬን።

ሮጣ ሄዳ አነሣችው፤ አገላብጣ አየችው። «አንድ ክንፉ ብቻ ነው የተሰበረው።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ይህን ፈርተን ነው ጠዋቱን ሙሉ የተነታረክነው?» አሉና ሳቁ፤ እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

አሮጌዋ የማስተማሪያ መኪናቸው ከሜዳው ዳር ቆማለች። ሁለቱም ፍሬኖቿ ዛሬም ይሠራሉ። ልጅቱ እንደ ልማዷ በተሳፋሪው በር በኩል ልትገባ ስትል፣ ጋሽ ፍሬን ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡ። ቁልፉን አየች፤ አባቷን አየች። ከመሪው ኋላ ገባችና፣ ጎንበስ ብላ የጎኗን በር ከፈተችላቸው።

እሳቸው በሩን መልሰው ዘጉት። የኋላውን ከፍተው ገቡና ሄሊኮፕተሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«አባዬ፣ ጋቢና ክፍት ነው እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«ከዚያ ሆነህ ምን ትረግጣለህ?»

«ምንም።»

«ብሳሳትስ?»

«ታርሚዋለሽ።»

ዓይኗ በመስታወቱ ውስጥ ለአፍታ ከሳቸው ጋር ተገናኘ፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረ። ሞተሩ ተነሣ። ጋሽ ፍሬን ጫማቸውን አወለቁና፣ እንደማያምኗቸው ሁሉ፣ ሁለቱንም እግሮቻቸውን አጣጥፈው ተቀመጡባቸው።